ባለ ቀለሙ የአትክልት ሳህን፤ ከመቂ ሳጥን እስከ ቤት ምድጃ

ዐቢይ ጾም ሲገባ አዳማ ገበያ የወጣ ሸማች አስቀድሞ የሚጠይቀው የቲማቲምና የሽንኩርት ዋጋ ነው፡፡ ባለፈው ሳምንት ረክሶ ያገኘው ቲማቲም ዛሬ በእጥፍ ሲጠራበት ቸርቻሪውን ይወቅሳል፡፡ ቸርቻሪው በጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላ ነጋዴው በደላላው፣ ደላላው ደግሞ በአምራቹ ያመካኛል፡፡ አምራቹ በበኩሉ የዘሩንና የመድኃኒቱን ዋጋ ይቆጥራል፡፡ እነርሱ ሲወቃቀሱ ግን 55 ቀን የሚጾም ቤተሰብ በየቀኑ ገበታ ላይ አንድ ነገር ማቅረብ አለበት፡፡

ዛሬ የምንመለከተው በምድጃ ተጠብሶ በጎድጓዳ ሳህን የሚቀርበውን ባለ ብዙ ቀለም የአትክልት ሰላጣ ነው፡፡ ጉዳዩ የወጥ ቤት ቢመስልም በዚህ ገጽ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ይህ ሰላጣ በአንድ አትክልት ላይ ያልተንጠለጠለ በመሆኑ የዋጋ መዋዠቅን ይቋቋማል፡፡ ከዚህም ሌላ ለዓይን የማያምረውን፣ ለምግብነት ግን ደህና የሆነውን አትክልት ከመጣል አድኖ ወደ ገንዘብ ይለውጣል፡፡

ቀለሞቹ ከየት ይመጣሉ?

በሳህኑ ላይ ያሉት ቀለሞች ከሁለት የተለያዩ የአየር ጠባዮች የሚመጡ ናቸው፡፡ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የፈረንጅ ቃሪያ የሞቃታማው ስምጥ ሸለቆ ምርቶች ሲሆኑ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በቆቃና በሞጆ ዙሪያ በመስኖ ይለማሉ፡፡ ውኃው ከዝዋይ ሐይቅ፣ ከአዋሽና ከመቂ ወንዞች እንዲሁም ከጉድጓድ በሞተር ይሳባል፡፡ ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘውና በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ አካባቢ የሚስማሙ የአትክልት ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል፡፡ «አዳማ ቀይ» የተሰኘው የሽንኩርት ዝርያ ለዚህ አንዱ ምሳሌ ነው፡፡

ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንችና ጥቅል ጎመን ግን ቀዝቀዝ ያለ አየር ይፈልጋሉ፡፡ እነዚህ በብዛት የሚጫኑት ከአርሲ ደጋማ ወረዳዎችና ከሻሸመኔ-ኮፈሌ አቅጣጫ ነው፡፡ አዳማ ደግሞ የአዲስ አበባ፣ የአሰላና የድሬዳዋ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ በመሆኗ የቆላውም የደጋውም ጭነት ይደርሳታል፡፡

የሳህኑ ኢኮኖሚያዊ ጥቅም የሚመነጨው ከዚህ ነው፡፡ በክረምት እርጥበቱ በሽታ ስለሚያመጣ የቲማቲም አቅርቦት ይሳሳል፤ ዋጋውም ይወጣል፡፡ ክረምቱ ሲያበቃ ግን በዝናብ የበቀለው የደጋ ድንችና ሥራ ሥር ወደ ገበያ ይገባል፡፡ በበጋው ወራት ደግሞ ተራው የመስኖው ነው፡፡ አንዱ ሲወደድ ሌላው ይረክሳልና ሁለቱን አቀያይሮ የሚገዛ ሰው የወር ወጪውን ማረጋጋት ይችላል፡፡ ሀብቱን ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ ከማያፈስ ባለሀብት ጋር ልናመሳስለው እንችላለን፡፡

የሳጥኑ ዋጋ ለምን ይዋዥቃል?

ቲማቲም ችግኙ ከተተከለ ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ መለቀም ይጀምራል፡፡ አምራቹ ለመትከል የሚወስነው በዛሬው ዋጋ ተመርቶ ነው፡፡ ዛሬ ዋጋው ጥሩ ከሆነ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ይተክላል፡፡ ከሦስት ወር በኋላ የሁሉም ምርት በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፡፡ የከሰረው አምራች በሚቀጥለው ዙር ሲያፈገፍግ ደግሞ እጥረት ይፈጠራል፤ ዋጋውም መልሶ ይንራል፡፡

ሽንኩርት በደንብ ከደረቀ ጥቂት ሳምንታት ይታገሣል፡፡ የበሰለ ቲማቲም ግን ጊዜ አይሰጥም፡፡ በመሆኑም አይሱዙው ማሳው ዳር ከቆመ በኋላ የመደራደር ኃይሉ ከአምራቹ እጅ ይወጣል፡፡ ገበያው በጣም በወደቀበት ሰሞን የለቃሚው፣ የሳጥኑና የጭነቱ ወጪ ከሽያጩ ስለሚበልጥ ምርቱ ማሳ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ፡፡ ዋጋውን በብዛት የሚወስነው የአዲስ አበባ ገበያ ነው፡፡ የጅምላው ንግድ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ቢዛወርም መቂ ያለው ደላላ ዛሬም ስልክ የሚደውለው ወደዚያው ነው፡፡

የማምረቻው ወጪም ቀላል አይደለም፡፡ ቱታ አብሶሉታ የተባለው የቲማቲም ተባይ በ2004 ዓ.ም. በአገራችን ከታየ ወዲህ የመድኃኒት ርጭት በዝቷል፡፡ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገቡት ዲቃላ ዘርና መድኃኒት ለአምራቹ ይበልጥ ከብደውታል፡፡

ትርፉን ምርት የሚቀበለው ማነው? በመርቲ የነበረው የላይኛው አዋሽ አግሮ ኢንዱስትሪ የቲማቲም ድልህ በማምረት ይታወቅ ነበር፡፡ ፋብሪካ ቲማቲሙን አብስሎ ውኃውን በመቀነስ ዕድሜውን ያራዝማል፡፡ የቤት ምድጃም በትንሹ የሚሠራው ይህንኑ ነው፡፡

በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ከቲማቲም ክብደት ውስጥ 94 ከመቶ ያህሉ ውኃ ነው፡፡ ካሮትና ቀይ ሥር ወደ 88 ከመቶ፣ ድንች ወደ 79 ከመቶ ይይዛሉ፡፡ ጥብስ ከዚህ ውኃ ከፊሉን ሲያተን ጣዕሙና ስኳሩ ይጠነክራል፡፡ ቅቅል ይህን አያደርግም፡፡ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው አዳማ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቀይ ሥር ለመቀቀል ረጅም ሰዓት ይፈጃል፡፡ ምድጃው ግን 200 ዲግሪ ይደርሳል፡፡

አትክልቱን በሚገባ አጥቦ ማድረቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው፡፡ ውኃ ያዘለ አትክልት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፡፡ ቀጥሎ ካሮት፣ ድንችና ቀይ ሥር ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይከተፋሉ፡፡ ለአንድ ኪሎ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ይበቃል፡፡ ቀይ ሥሩ ሌላውን ሁሉ ስለሚያቀላ በትሪው ጥግ ለብቻው ይሁን፡፡

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክተት የብዙ ሰው ስሕተት ነው፡፡ ሥራ ሥሮቹ በ200 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈልጋሉ፡፡ በሰፊው የተቆረጠው ሽንኩርትና የፈረንጅ ቃሪያ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይጨመራሉ፡፡ ለሁለት የተከፈለው ቲማቲም የሚገባው ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው፡፡ ትሪው ላይ ከተደራረቡ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ ተዘርግተው ይቀመጡ፡፡ ሲወጣ ሎሚ ወይም አቸቶ ይረጭበትና በሰላጣ ቅጠል ወይም በጥሬ ጥቅል ጎመን ላይ ይደረደራል፡፡ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ምስር ከታከለበት ራሱን የቻለ የጾም ምሳ ይሆናል፡፡

ምድጃ የሌለው ቤት የኤሌክትሪክ ምጣዱን መጠቀም ይችላል፡፡ ምጣዱ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ የሚጎትት በመሆኑ እንጀራ ተጋግሮ ሲያበቃ ያለው ግለት በከንቱ ባይባክን ይመረጣል፡፡ ለእንጀራ የተሟሸ ምጣድ ግን ዘይት ከነካው እንጀራው ይጣበቃልና፣ አትክልቱ በስስ የብረት ትሪ ሆኖ ከላይ ይቀመጥ፡፡ ክዳኑ በትንሹ ገርበብ ይበል፤ በየመሐሉም ይገላበጥ፡፡

ለምግብ ቤት ባለቤቶች

ይህን ሰላጣ ለሽያጭ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው በገዛበት ኪሎ ዋጋ ከተመነ ይከስራል፡፡ ለምሳሌ አንድ ኪሎ ድብልቅ አትክልት በ50 ብር ተገዛ እንበል፡፡ ሲላጥና ሲጸዳ 100 ግራም ይወገዳል፤ የቀረው 900 ግራም ሲጠበስ ሲሶው ቢተን 600 ግራም ብቻ ይተርፋል፡፡ በዚህ ሒሳብ የተጠበሰው ኪሎ በጥሬ ዕቃ ብቻ 83 ብር ከ33 ሳንቲም ይወድቃል፡፡ ዘይቱ፣ መብራቱና የሠራተኛው ደመወዝ ገና አልተቆጠሩም፡፡ በየወቅቱ የረከሰውን አትክልት አብዝቶ፣ የተወደደውን ለቀለም ያህል ብቻ መጨመር የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፡፡

ለጅምላ ነጋዴውም ትምህርት አለው፡፡ ቲማቲም በሳጥን በጅምላ ሲሸጥ ጠንካራው፣ ያለቀ የበሰለውና የተፈነከተው አንድ ዋጋ ይይዛሉ፡፡ በሦስት ተለይቶ ቢቀርብ ግን ጠንካራው ለጥሬ ሰላጣ፣ የበሰለው ለጥብስና ለስልስ ገዢ ያገኛል፡፡ ሊጣል የነበረው የሳጥኑ ታች እንኳ በዕለቱ ከተሸጠ ጥቂት ብር ይመልሳል፡፡ የሻገተውንና የሸተተውን ግን እሳት አያድነውም፤ መወገድ አለበት፡፡

የመቂውን ዋጋ ሸማቹ አይወስነውም፡፡ ገበያ ሲወጣ ግን ዘንቢሉን በየትኛው ቀለም እንደሚሞላ ይወስናል፡፡ ቲማቲም በረከሰ ሰሞን አንድ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ገዝቶ የሚጠብስ ቤት ለራሱ የሁለት ሦስት ቀን ምግብ በማቀዝቀዣ ያኖራል፤ ለአምራቹም ማሳ ላይ ሊቀርበት ከነበረው ጥቂቱን ያነሣለታል፡፡