ዋና ከተማ መሆን ስንት ያወጣል? የቤይሩት ነጋዴዎች የ23 ዓመት ጥያቄ

ቤይሩት ሲባል የእኛ ትውልድ አእምሮ ውስጥ ቶሎ የሚመጣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለሥራ የሄዱ እህቶቻችን ናቸው። ሁለተኛው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደቡ ላይ የደረሰው ፍንዳታ ነው፤ ቪዲዮውን በስልኩ ያላየ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላ ቤይሩት ነው። ያ ወደብ ገና ሳይሠራ፣ ከተማዋ በኦቶማን ቱርክ መንግሥት ሥር ሳለች ስለሆነው ነገር። እ.ኤ.አ. በ1865 የቤይሩት ነጋዴዎችና ታላላቅ ሰዎች ለሱልጣኑ አቤቱታ ጻፉ። ጥያቄያቸው ባጭሩ «ከተማችን የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ትሁን» የሚል ነበር። መልሱ የመጣው በ1888 ነው። አስቡት፣ 23 ዓመት! (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ወለድም፣ ስለ ዋጋ ግሽበትም፣ ስለ ንግድ ሚዛንም ብዙ ሰምቻለሁ። ነጋዴ ሥራውን ትቶ ለአንድ የአስተዳደር ማዕረግ ለምን ይህን ያህል እንደሚደክም ግን የገባኝ ይህንን ታሪክ ሳነብ ነው። ነጋዴ ያለ ትርፍ አይንቀሳቀስም። ታዲያ ዋና ከተማ መሆን ትርፉ ምኑ ላይ ነው?

መጀመሪያ ሕጉ

የኦቶማን መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ትልቅ ራስ ምታት ነበረበት። ግዛቱ ከባልካን እስከ ባግዳድ የተዘረጋ ነው፤ በየቦታው ማን ምን እንደሚያርስ፣ ማን ስንት እንደሚከፍል በትክክል የሚያውቅ ግን የለም። በ1864 አዲስ የክፍለ ሀገር ሕግ ወጣ። መጀመሪያ የተሞከረው በዳኑብ ክፍለ ሀገር ሲሆን መቀመጫው ዛሬ ቡልጋሪያ ውስጥ ያለችው ሩሴ ነበረች። የመጀመሪያው አገረ ገዢም በለውጥ አራማጅነቱ ስሙ የሚነሳው ሚድሃት ፓሻ ነው።

ሕጉ ያመጣው መዋቅር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከላይ «ቪላዬት» አለ፤ ክፍለ ሀገር በሉት። ከሥሩ «ሳንጃቅ»፣ ማለትም አውራጃ። ከዚያ «ካዛ»፣ ወረዳ። ከዚያ «ናሂዬ»፣ ምክትል ወረዳ። መጨረሻ ላይ መንደሩና የመንደሩ ሙክታር፣ ማለትም እንደኛ ጭቃ ሹም ያለ ሰው። አያቶቻችሁን ብትጠይቋቸው ይህ መሰላል ወዲያው ይገባቸዋል።

ዋናው ነጥብ ግን ስሙ አይደለም። በየክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ምን እንደሚቀመጥ ነው። አገረ ገዢው እዚያ ነው። የገንዘብ ሹሙ እዚያ ነው። ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤት እዚያ ነው። የመንግሥት ማተሚያ ቤትና ጋዜጣ እዚያ ነው። የአስተዳደር ምክር ቤቱም እዚያ ይሰበሰባል። በቃ፣ ማዕረጉ ብቻውን አይመጣም፤ ቢሮዎቹን ሁሉ አስከትሎ ነው የሚመጣው።

ቤይሩት ምን አጣች?

ከ1840ዎቹ ጀምሮ ቤይሩት የሲዶና ክፍለ ሀገር መቀመጫ ነበረች። ስሙ የሲዶና ይሁን እንጂ አገረ ገዢው የሚኖረው ቤይሩት ነበር። በ1865 አዲሱ ሕግ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ሲዶናና ደማስቆ ተቀላቅለው አንድ «የሶሪያ ክፍለ ሀገር» ሆኑ። ዋና ከተማዋ ደማስቆ ሆነች፤ ቤይሩት ወደ አውራጃ ወረደች።

እንግዲህ ራሳችሁን በአንድ የሐር ነጋዴ ቦታ አስቀምጡ። ዕቃው የሚጫነው ቤይሩት ነው። ገዢው ፈረንሳይ ነው። የአውሮፓ ቆንስሎች ጎረቤቶቹ ናቸው። አንድ ደንበኛ ክዶት ይግባኝ ቢል ግን ጉዳዩ ተራራ ተሻግሮ፣ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደማስቆ ይሄዳል። ፈቃድ ሲፈልግም እንደዚያው። ኢኮኖሚስቶች ይህንን የግብይት ወጪ ይሉታል፤ ነጋዴው ግን በራሱ ቋንቋ «መመላለስ» ነው የሚለው። ጉዳይ ለማስጨረስ «ነገ ተመለስ» ተብሎ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ማን ማንን አሳደገ?

እዚህ ጋ ቆም ብለን ማሰብ ያለብን ጥያቄ አለ። ቤይሩት ያደገችው ዋና ከተማ ስለሆነች ነው ወይስ ስላደገች ነው ዋና ከተማ የሆነችው?

ቀኖቹን ደርድሯቸው። የከተማዋ የመጀመሪያ ጋዜጣ የወጣው በ1858 ነው። በ1860 በሊባኖስ ተራራና በደማስቆ በተነሳው እልቂት ብዙ ክርስቲያኖች ወደ ቤይሩት ተሰደዱ፤ ገንዘብ ያለውም የሌለውም መጣ። አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራው የቤይሩት–ደማስቆ የሠረገላ መንገድ በ1863 ተከፈተ፤ በበቅሎ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሆነ። ዛሬ የቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ኮሌጅ በ1866 ተመሠረተ። የቧንቧ ውኃ ከናህር አል ከልብ ወንዝ ተስቦ በ1875 ገባ። ይህ ሁሉ ከ1888 በፊት ነው! በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ 6,000 ያህል ሰው ይኖርባት የነበረች ትንሽ የወደብ ከተማ፣ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ ከ100,000 በላይ ነዋሪ ነበራት።

ስለዚህ ከተማዋን ያሳደጋት ማዕረጉ አይደለም። ንግዱ፣ መንገዱና ስደተኛው ናቸው። ማዕረጉ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ሆኖም «ማዕረጉ ምንም አልጨመረም» ማለትም አይቻልም። የወደቡ ግንባታ ፈቃድ በ1887 ተሰጠ፤ በ1890ዎቹ አጋማሽ ላይ መርከቦች የሚጠጉበት ዘመናዊ ወደብ ነበረ። የደማስቆ ባቡር በ1895 ሥራ ጀመረ፤ ተራራው ቀጥ ያለ ስለሆነ በአንዳንድ ቦታ ጥርስ ያለው ሐዲድ ነበር ያነጠፉለት። በ1898 የሰዓት ማማ ቆመ፤ ማማው ዛሬም አለ። በ1909 ደግሞ የኤሌክትሪክ ትራም መጣ። ቀድሞ ያደገችው ከተማ፣ ማዕረጉን ስታገኝ የበለጠ ፈጠነች።

ያው ሁሉም አልተጠቀመም። ከወደቡ በፊት መርከቦች ራቅ ብለው ይቆሙና ሰውንም ዕቃውንም ወደ ዳር የሚያመጡት ጀልባ ቀዛፊዎችና ተሸካሚዎች ነበሩ። የወደብ ኩባንያው ሲመጣ እንጀራቸው አደጋ ላይ ወደቀ፤ ከኩባንያው ጋርም ለዓመታት ሲጋጩ ኖሩ። የኩባንያው ካፒታል ደግሞ በአብዛኛው የፈረንሳይ ነበር። ትርፉ መርከብ ተሳፍሮ ይሄዳል ማለት ነው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጡት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አዲሱ ሕግ በየደረጃው የአስተዳደር ምክር ቤት አቋቁሟል። ከሹመኞቹ ጋር የተመረጡ አባላትም ይቀመጣሉ፤ ከተመረጡት ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ሙስሊም ያልሆነ። ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለመምረጥም ለመመረጥም የተወሰነ ግብር መክፈል ይጠይቃል። ሴት አትመርጥም። ጭሰኛ አይመረጥም። ስለዚህ ወንበሩ ላይ የሚገኙት ነጋዴዎች፣ ባለመሬቶችና የታወቁ ቤተሰቦች ናቸው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? በግብሩ ምክንያት። መንግሥት ከገበሬው አዝመራ አስራት ይወስዳል። በየመንደሩ የሚሰበስብ ደመወዝተኛ ግን የለውም። በ1840 ደመወዝተኛ ሰብሳቢዎችን ሞክሮ ነበር፤ ገቢው አሽቆለቆለና በ1842 ወደ አሮጌው ዘዴ ተመለሰ። አሮጌው ዘዴ ጨረታ ነው። የአንድን አካባቢ አስራት የመሰብሰብ መብት ብዙ ለሰጠ ሰው ይሸጣል። አሸናፊው ለመንግሥት ይከፍላል፤ ከገበሬው ከዚያ በላይ የሰበሰበው የራሱ ነው።

ጨረታውን የሚቆጣጠረው ማን ነው? ምክር ቤቱ። ተጫራቹስ? ብዙ ጊዜ የምክር ቤቱ አባል ራሱ፣ ካልሆነም ዘመዱ ወይም ሸሪኩ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መሬቱም እንዲሁ ነው። በ1858 የወጣው የመሬት ሕግ ይዞታ ሁሉ በመዝገብ እንዲገባ አዘዘ። በወረቀት ደረጃ ገበሬውን የሚጠቅም ይመስላል። ገበሬው ግን መዝገብ ሲባል የሚታየው ግብርና ውትድርና ነበር። ስለዚህ በብዙ ቦታ ዝም አለ፤ ወይ በሼኩ፣ ወይ በአንድ ከተሜ ስም አስመዘገበ። ያልተመዘገበውን መንግሥት የእኔ ነው ብሎ ሸጠ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው የኢይዝራኤልን ሸለቆ ያውቀዋል፤ ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ የተመኘው በዚያ ነው። ከ1869 እስከ 1872 ባሉት ዓመታት የኦቶማን መንግሥት ከሸለቆው ሰፊ መሬት ለሱርሶቅ ቤተሰብና ለሌሎች የቤይሩት ነጋዴዎች ሸጠ። መሬቱ ላይ የሚያርሱት ሰዎች የትም አልሄዱም። እንደ ትናንቱ አረሱ፤ የተለወጠው ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነው። በ1888 የቤይሩት ክፍለ ሀገር ሲቋቋም የአካና የናብሉስ አውራጃዎች ከትሪፖሊና ከላታኪያ ጋር በሥሩ ገቡ። ባለመሬቱም፣ አገረ ገዢውም፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አንድ ከተማ ውስጥ ሆኑ ማለት ነው። የናብሉስ ሰው ግን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይጠበቅበታል።

ወረቀቱ ከግዛቱም በላይ ዕድሜ ነበረው። በ1920ዎቹ፣ ኦቶማን ከፈረሰ በኋላ፣ የሱርሶቅ ወራሾች የሸለቆውን መሬት ለጽዮናዊ የመሬት ገዢ ድርጅቶች ሸጡት። ጭሰኞቹ ተነሱ። ግማሽ ክፍለ ዘመን ቀድሞ በአንድ ቢሮ የተጻፈ ስም ነው ያስነሳቸው።

ለእኛም የደረሰ ፊርማ

ይህ ሁሉ ሩቅ የሚመስለው ካለ፣ 1865ን በሌላ በኩል እንየው። ኦቶማኖች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ሐበሽ» የሚሉት ክፍለ ሀገር ነበራቸው፤ ምፅዋም በዚያ ሥር ትቆጠር ነበር። ቤይሩት ከዋና ከተማነት በወረደችበት በዚያው ዓመት፣ ሱልጣኑ ምፅዋንና ሱዋኪንን ዓመታዊ ክፍያ እየተቀበለ ለግብፁ ገዢ ለእስማኤል ሰጠ። ለኢስታንቡል ቀላል የአስተዳደር ዝውውር ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ የእስማኤል ጦር ከባሕሩ ወደ ደጋው ማየት ጀመረ፤ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተዋጋ። ተሸንፎም ተመለሰ። ዝውውሩን ማንም ምፅዋን ወይም ሐማሴንን አላማከረም።

መጨረሻው

የቤይሩት ነጋዴዎች ማዕረጉን ካገኙ በኋላ ሌላ ነገር ገባቸው። ቢሮው ከተማቸው መጥቷል፤ ሥልጣኑ ግን አሁንም ኢስታንቡል ነው። አገረ ገዢውን የሚሾመውም የሚሽረውም ማዕከሉ ነው። የጉምሩኩም ገቢ ቢሆን ለከተማዋ የሚቀር አልነበረም። በ1913 መጀመሪያ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች አንድ ላይ ሆነው የለውጥ ማኅበር አቋቋሙ፤ ያልተማከለ አስተዳደርና በአረብኛ መሥራትን ጠየቁ። መንግሥት በሚያዝያ ማኅበሩን ዘጋው፤ ነጋዴዎች በተቃውሞ ሱቆቻቸውን ዘጉ። ጦርነት መጣ። በግንቦት 1916 ያልተማከለ አስተዳደር ከጠየቁት መካከል ብዙዎች በቤይሩትና በደማስቆ ተሰቀሉ። ቤይሩት ውስጥ የተሰቀሉበት አደባባይ ዛሬም የሰማዕታት አደባባይ ይባላል።

የርዕሰ ከተማ ክርክር እኛም ጋ ብርቅ አይደለም፤ ካፌ ውስጥም ፌስቡክ ላይም ሲጧጧፍ እናየዋለን። በእኔ እይታ የቤይሩት ታሪክ ለእንዲህ ያለው ክርክር ሦስት ጥያቄ ያዋጣል። ማዕረጉ ሲመጣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለማን ይቀርባል፣ ከማንስ ይርቃል? ግብሩንና መሬቱን የሚወስነው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? የሚወሰነው ነገር እዚያው ይወሰናል ወይስ ሌላ ቦታ ተወስኖ እዚያ ይነበባል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ የቤይሩት ነጋዴዎች በ1888 መልስ አገኙ። ሁለተኛውን አልጠየቁትም፤ ወንበሩ ላይ ያሉት እነሱ ነበሩና። ሦስተኛውን ሲጠይቁ ሱቅ ዘጉበት፣ አንዳንዶቹም ሞቱበት። የኢይዝራኤል ገበሬዎች ግን ከሦስቱም አንዱን እንኳ የሚጠይቁበት ወንበር አልነበራቸውም።