ማሽን ከመቀየርዎ በፊት የራስዎን ጨርቅ ይዘው ይሂዱ

ክዊልት የሚሰፉ ወዳጆቼ ማሽን መቀየር ሲያምራቸው ደውለው የሚጠይቁኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ዓይነት ስፌት ያለው ልግዛ?» ሱቆቹም የሚያስተዋውቁት ይህንኑ ነው፤ 200 ስፌት፣ 500 ስፌት፣ ፊደል የሚጽፍ፣ አበባ የሚያወጣ። እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለታመመ ጎረቤት ክዊልት ስሰፋ የምጠቀምበት ስፌት ግን አንድ ነው፤ ቀጥ ያለው። አጎቴ ጎንደር ውስጥ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በእግሩ የሚረግጣት ሲንጀርም ከቀጥታ ስፌት ሌላ አታውቅም ነበር፤ የካኪ ሱሪውም የሙሽራ ልብሱም በእሷው ይሰፋ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ማሽኑ ቀጥ ያለውን ስፌት ምን ያህል አሳምሮ ይሰፋል? ትልቁን ክዊልትስ በክንዱ ስር ያሳልፋል ወይ?

ክዊልት ሦስት ድርብ ያለው የአልጋ ልብስ ነው። ላይኛው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሠራው ጌጥ፣ መሃሉ ስስ የጥጥ ወይም የጥጥና የፖሊስተር ንጣፍ፣ ታችኛው ደግሞ ወጥ ጨርቅ ነው። ጋቢ ለብሶ ላደገ ሰው ድርብ ጨርቅ እንዴት እንደሚያሞቅ አይነገርም። ልዩነቱ፣ ጋቢ ዳሩና መገጣጠሚያው ከተሰፋ ይበቃዋል፤ የክዊልት መሃል ግን ያልተሸመነ ጥጥ ስለሆነ ሲታጠብ እንዳይሸሽና እንዳይቋጠር ሦስቱ ድርብ ከዳር እስከ ዳር በስፌት መያዝ አለበት። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሠሯቸው ክዊልቶች በ2002 ኒውዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አትሞላቸዋል። ፔንሲልቬንያ፣ ላንካስተር ያሉት አሚሾች ዛሬም ላይኛውን በእግር ማሽን እየገጣጠሙ ድርቡን በእጃቸው ይሰፋሉ። ይህን የማነሳው «ውድ ማሽን የሌለው ሰው ጥሩ ክዊልት አይሠራም» የሚለው ሐሳብ ከወዲሁ ከመንገዳችን እንዲነሳ ነው።

እንግዲህ ሥራው ሁለት ነው፤ ቁርጥራጩን መገጣጠም አንድ፣ ድርቡን መስፋት ሁለት። ሁለቱ ከማሽን የሚፈልጉት ነገር አይመሳሰልም፤ አንዱን በደንብ የሚሠራ ማሽን በሌላው ሊያስቸግር ይችላል። ማሽን ስናወዳድር የምንደናገረውም ሁለቱን አንድ ላይ ስለምንጨፈልቃቸው ነው።

መገጣጠም የሚፈልገው ልክ ነው። ክዊልት የሚሰፋ ሰው በሙሉ ከጨርቁ ጠርዝ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ ይሰፋል፤ ከ6 ሚሊሜትር ጥቂት ያልፋል። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ብትጠፋ ማንም አያያትም፤ ስምንት መገጣጠሚያ ያለው ረድፍ ላይ ግን ግማሽ ኢንች ትሆንና ረድፉ ከጎረቤቱ ጋር አልገጥም ይላል። ማሽኑ ይህን ልክ መጠበቁን ለማየት ቀላል ፈተና አለ። ስፋታቸው አንድ ኢንች ተኩል የሆነ ሦስት ጥብጣብ ቁረጡና ጎን ለጎን ስፉአቸው፤ ከዚያ ተኩሳችሁ ለኩ። የመሃለኛው ልክ አንድ ኢንች፣ ጠቅላላው ሦስት ኢንች ተኩል ከሆነ ማሽኑም እጃችሁም ተስማምተዋል።

እዚህ ላይ ሻጮች ብዙም የማይናገሩት ነገር አለ። አዳዲሶቹ ማሽኖች እስከ 9 ሚሊሜትር የሚሰፋ ጌጠኛ ስፌት ስለሚሠሩ መርፌው የሚገባበት ቀዳዳም የዚያኑ ያህል ሰፊ ነው፤ ጨርቅ የሚጎትቱት ጥርሶችም ለዚያ ቀዳዳ ቦታ ለቀው ግራና ቀኝ ተራርቀው ተተክለዋል። ሩብ ኢንች ላይ ስትሰፉ የጨርቁ ጠርዝ በቀኙ ጥርስ ላይ በደንብ ስለማያርፍ መንሸራተት ይጀምራል። የሦስት ማዕዘን ጨርቅ ጫፍ ደግሞ በሰፊው ቀዳዳ ወደ ታች ይዋጣል። ማስታወቂያው ላይ እንደ ትልቅ ነገር የተጻፈው 9 ሚሊሜትር ለሚገጣጥም ሰው እንቅፋት ነው ማለት ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ባለ አንዲት ክብ ቀዳዳ የቀጥታ ስፌት ሳህን ለማሽኑ እንደሚሸጥ ጠይቁ፤ ካለ ግዙት።

ለመገጣጠም ብቻ ከሆነ የድሮዎቹን የሚወዳደር ጥቂት ነው። ሲንጀር በ1933 ያወጣት «ፌዘርዌይት» የምትባለው 221 ክብደቷ 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ቀጥታ ስፌት ብቻ ትሰፋለች። መመረቷ ከቆመ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቢሆንም ክዊልት ሰፊዎች ዛሬም ፈልገው ይገዟታል፤ እያነጠለጠሉም ወደ ስፌት ትምህርት ይዘዋት ይሄዳሉ። ስፌቷን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። አልጋ የሚሞላ ክዊልት ግን በትንሿ ክንዷ ስር ለማሳለፍ መሞከር ልፋት ነው።

ወደ ሁለተኛው ሥራ ስንመጣ የሚወስነው ቦታ ነው። ከመርፌው እስከ ማሽኑ ቀኝ አካል ያለውን ክፍተት ማለቴ ነው። ስፋቱ 80 ኢንች የሆነ ክዊልት መሃሉ ሲሰፋ 40 ኢንቹ ተጠቅልሎ ወይም ተጨማድዶ በዚያ ክፍተት ውስጥ መቀመጥ አለበት። በተለመደው የቤት ማሽን ክፍተቱ 6 ወይም 7 ኢንች ነው፤ መሃል ላይ ስትደርሱ ጨርቁ ይጨናነቅና ስፌቱ ያጥራል፣ መስመሩ ይጣመማል፣ ትከሻም ያማል። ጁኪ ቲኤል-2010ኪው የሚባለው የቀጥታ ስፌት ማሽን 8 ኢንች ተኩል ገደማ አለው። በርኒና 770 የሚባለው 10 ኢንች፣ ጃኖሜ ኤም7 ደግሞ 13 ኢንች ተኩል ይሰጣል። ሁለት ኢንች በወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል፤ ክዊልቱን ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን ሌላ ዓለም ነው። የክፍተቱን ቁመትም አትርሱ፤ ወፍራም ጥጥ የሚሞላው ወደ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጨርቁ የሚጎተትበት መንገድ ነው። ተራ ማሽን የሚጎትተው ከታች ባሉት ጥርሶች ብቻ ነው፤ ስለዚህ የታችኛው ድርብ ሲሄድ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ለማስተካከል ከላይም እየረገጠ የሚያራምድ «ዎኪንግ ፉት» የሚባል እግር ይገጠማል። ፋፍ ከ1968 ጀምሮ የላይ መጎተቻውን ከማሽኑ ጋር አብሮ ሠርቶታል፤ በርኒናና ጃኖሜም በአንዳንድ ማሽኖቻቸው ላይ የራሳቸው ዓይነት አላቸው። እንደ ልብ እያዞሩ ቅጠልና ክብ መስፋት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ጥርሶቹን ዝቅ አድርጎ ጨርቁን በእጁ ይነዳል። ያኔ የስፌቱን ርዝመት የሚወስነው የእጅና የፔዳል ስምምነት ነው። የእጅን ፍጥነት እያነበበ ስፌቱን እኩል የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ያላቸው ማሽኖችም አሉ፤ ጥሩ ነገር ነው፤ እጅ ከለመደ ግን ብዙ ሰው ያለሱም ይሰፋል። የእኔ ምርጫ ለዚህ ሁሉ ከሚከፈለው ገንዘብ ይልቅ በጉልበት የሚገፋው የእግር ማንሻ ነው፤ ሁለቱም እጅ ከክዊልቱ ላይ ሳይነሳ የማሽኑ እግር ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ሱቅ እንሂድ። ሻጩ የሚያቀርብላችሁ ጨርቅ ደረቅ ያለ ወጥ ጨርቅ ነው፤ በእሱ ላይ ሁሉም ማሽን ያምራል። እኔ ሁልጊዜ ከቤት የሚሄድ ናሙና አዘጋጃለሁ፤ ከሁለት ስንዝር የማይበልጥ፣ የምጠቀምበት ጥጥ የገባበት፣ ላይኛው ላይ መገጣጠሚያዎች የሚተላለፉበት ሦስት ድርብ። መርፌዬንም ክሬንም ይዣለሁ፤ ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ። መጀመሪያ በዎኪንግ ፉት መገጣጠሚያዎቹ በሚተላለፉበት ወፍራም ቦታ ላይ አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች እሰፋለሁ፤ ከጎኑ ሁለተኛውን ከታች ወደ ላይ። በሁለቱ መካከል ጨርቁ ሰያፍ ሽብሽብ ካወጣ ማሽኑ ድርቡን እኩል አልጎተተም። ከዚያ እገለብጠዋለሁ። ቀዩ ክር ከጀርባ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ የላይኛው ውጥረት ላልቷል፤ ነጩ ከፊት ብቅ ካለ ጠብቋል፤ ሁለቱ መያያዝ ያለባቸው መሃል ጥጡ ውስጥ ነው። ሻጩ ውጥረቱን አስተካክሎ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፤ ትንሽ ሲነካ የሚታረም ማሽን ደህና ነው። ቀጥሎ ጥርሶቹን ዝቅ አድርጌ ክብ በክብ ላይ አዞራለሁ፤ ከጀርባ በመታጠፊያው ላይ የዓይን ሽፋሽፍት የመሰለ የክር ዘርፍ ካወጣ ልብ እላለሁ። በመጨረሻ ፔዳሉን በጣም ቀስ አድርጌ እረግጣለሁ። አንድ ስፌት ብቻ ልስፋ ስል አንድ ብቻ ከሰፋ፣ ወፍራሙንም ሳያቃስት ከወጋ ልቤ ያርፋል። በደቂቃ 1,500 ስፌት የሚለው ቁጥር ደስ ይላል፤ ክዊልት ላይ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ዝግታው ነው የሚፈተነው። የታችኛው ክር አልቆ ቦቢኑን ስትቀይሩ ክዊልቱን ከማሽኑ ማውጣት ያስፈልግ እንደሆነም እዚያው ሞክሩት።

አንዳንዴ ማሽኑ ጥፋት የለበትም። ክዊልቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ክብደቱ መርፌውን ከጎተተ የሺህ ዶላር ማሽንም መስመሩን ያዛባል። ከቤት ማደሻ ዕቃ መደብር ወፍራም የፎም ሰሌዳ ገዝታችሁ፣ የማሽኑን ቅርጽ ቆርጣችሁ፣ ከማሽኑ ወለል እኩል በዙሪያው ብትዘረጉት ግማሹ ችግር ይጠፋል። መርፌውም ይታይ፤ 90 የሚል መርፌ ውፍረቱ 0.9 ሚሊሜትር ነው፤ ሦስት ድርብ ለመውጋት ይበቃል፤ ለመገጣጠም 80 ይሻላል። የደነዘዘ መርፌ የሚያደርገውን ሁሉ ሰው ማሽኑ ላይ ሲያላክክ እሰማለሁ።

በዓመት አንድ ትልቅ ክዊልት የሚሠራ ሰው ሌላም መንገድ አለው። ላይኛውን ቤቱ ገጣጥሞ ድርቡን «ሎንግ አርም» የሚባለው ባለ ትልቅ ፍሬም ማሽን ላላት ባለሙያ ይሰጣል። የሚከፈለው በካሬ ኢንች ነው። 60 በ80 ኢንች የሆነ ክዊልት 4,800 ካሬ ኢንች ይሆናል፤ በካሬ ኢንች 3 ሳንቲም ቢታሰብ 144 ዶላር ነው። ከአንድ ሺህ ዶላር ማሽን ጋር አስተያዩት። በዓመት ብዙ ለሚሰፋ ሰው ስሌቱ ይገለበጣል።

የእኔን ውሳኔ ለሚጠይቀኝ አልደብቅም። ቤታችሁ ዚግዛግና የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራ ደህና ማሽን ካለ፣ ሁለተኛው እንደ ጁኪ ያለ ሰፊ ክንድ ያለው የቀጥታ ስፌት ማሽን ይሁን። ብራዘርና ጃኖሜም እንዲህ ዓይነት አላቸው። አብዛኛው አካሉ ብረት ስለሆነ አይንቀጠቀጥም፤ የሚበላሽ ስክሪን የለውም፤ ዋጋውም ከባለ ኮምፒውተሮቹ ያንሳል። ቤታችሁ አንድ ማሽን ብቻ የሚችል ከሆነና ልብስም የምትሰፉበት ከሆነ ግን ቢያንስ 10 ኢንች ክፍተትና የላይ መጎተቻ ያለውን ባለ ኮምፒውተር ተመልከቱ። በሁለቱ መሃል ያለው፣ ጠባብ ክንድ ላይ 500 ስፌት የተጫነበት ማሽን፣ ከያዛችሁት ብዙም አያሻሽላችሁም።

ማሽኑን ኋላ ወደ አገር ቤት ለመላክ ወይም ይዞ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ከማሽኑ ስር የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብብ። እዚህ የሚሸጠው አብዛኛው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ መብራቱ 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ዋቱን የሚሸከም ትራንስፎርመር አብሮ መግዛት ግድ ነው። የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ቮልቱን አይቀንስም።

ሱቁ አሮጌ ማሽናችሁን ተቀብሎ ከአዲሱ ዋጋ ልቀንስላችሁ ቢል፣ መጀመሪያ የአዲሱን የመጨረሻ ዋጋ አስቆርጡ፤ የአሮጌውን ነገር ከዚያ በኋላ አንሱ። ለማሠልጠኛ ያገለገሉ ማሽኖች በቅናሽ እንደሚሸጡም ጠይቁ። አንዳንዶቹ ባለ ኮምፒውተሮች እስከ ዛሬ ስንት ስፌት እንደሰፉ ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ያንን ቁጥር አሳዩኝ በሉ። ዋስትናው ከገዛችሁበት ቀን እንደሚጀምር በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ሲበላሽ እዚያው ሱቅ ይጠገን እንደሆነ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ይላክ እንደሆነም ሳትከፍሉ በፊት እወቁ።