የጥናት ጽሑፍ ፍለጋ ከቤተ መጻሕፍቱ ይጀምር

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ብዙ ተማሪዎች ጎግል ላይ ያገኙትን የጥናት ጽሑፍ ሊከፍቱ ሲሉ ገጹ 30 ወይም 40 ዶላር ይጠይቃቸውና ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ያንኑ ጽሑፍ ግን የራሳቸው ኮሌጅ በነጻ ሊያገኝላቸው ይችል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ የጤና ጆርናሎችን፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በማግስቱ ዓመት የጀመረው አጎራ ደግሞ የግብርናውን ይዘዋል። ሁለቱም ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥላ ሥር ናቸው፤ የተመዘገቡ የኢትዮጵያ ተቋማትም ያለ ክፍያ ይጠቀሙባቸዋል። የይለፍ ቃሉ የሚገኘው ከቤተ መጻሕፍቱ ስለሆነ መጀመሪያ ባለሙያዎቹን ሄዶ መጠየቅ ነው። ይህን ሳይጠይቁ የሚመረቁ ተማሪዎች መኖራቸው ያሳዝናል።

ከገቡ በኋላ ትልቁ ሥራ ቃል መምረጥ ነው። «ድርቅ በጤፍ ምርት ላይ ምን ጉዳት ያደርሳል?» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ቢጽፉ ብዙ ዳታቤዞች እያንዳንዱን ቃል ስለሚፈልጉ ውጤቱ ይበላሻል። ዋናዎቹ ቃላት ሁለት ናቸው፤ ጤፍና ድርቅ። ጤፍን አንዱ ተመራማሪ በአንድ «ኤፍ» ሲጽፈው ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ ሦስተኛው ኤራግሮስቲስ ቴፍ በሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ይጠራዋል። አንዱን ብቻ የጻፈ ሰው ሌሎቹን ሳያያቸው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሦስቱንም በቅንፍ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው «ኦር» ማድረግ፣ ከቅንፉ ውጭ ደግሞ «ኤንድ» ብሎ ድርቅን መጨመር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሁለት ቃል ስለሆነ በትምህርተ ጥቅስ ይታሰር፤ ያለዚያ ቃላቱ ተለያይተው ሊፈለጉ ይችላሉ። ውጤቱ ከበዛ በታተመበት ዓመት ማጥበብ ይቻላል።

የኢትዮጵያውያን ስም ሌላ ጣጣ አለው። ዳታቤዞቹ የአባትን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ስለሚወስዱ ተመራማሪው በአባቱ ስም ይመዘገብና የራሱ ስም በመነሻ ፊደሉ ብቻ ይቀራል። አንዳንዴም ይገለበጣል። ደራሲ ሲፈልጉ በሁለቱም መንገድ ይሞክሩ።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ከተገኘ ደግሞ ሌሎቹን ይጠራል። መጨረሻው ላይ ያለው የዋቢ ዝርዝር ከእሱ በፊት የተጻፉትን ያሳያል፤ ጎግል ስኮላር ከርዕሱ ሥር የሚያስቀምጠው የጥቅስ ቁጥር ሲጫኑት ደግሞ ከእሱ በኋላ መጥተው የጠቀሱትን ያወጣል። አብስትራክቱን ብቻ አንብቦ መጥቀስ ግን ነውር ነው፤ የናሙናው ማነስና የጥናቱ ውስንነት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከውስጥ ነው።

ሙሉ ጽሑፉ ከጠፋ የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚያሰባስበውን ኤጆልንና የዩኒቨርሲቲዎችን የጥናት ማከማቻ ማየት ነው። እዚያም ከሌለ የደራሲው ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ ከአብስትራክቱ አጠገብ ተጽፎ ይገኛል፤ በአጭር ደብዳቤ ቅጂ ቢጠይቁ ደስ ብሏቸው የሚልኩ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው።