የዓለም ሙቀት እንዴት ሙዚቃ ሆነ?

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ዘፈን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን «ዛፍ እንትከል» የሚለው ዓይነት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ሙዚቃ ግን አንድም ቃል የለውም።

የሠራው በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ዳንኤል ክሮፎርድ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ከጂኦግራፊ መምህሩ ጋር ሆኖ፣ ግራፍ ሁሉንም ሰው አይስብም ብለው የሙቀት ቁጥሮችን በቼሎ አስጮኹት። ቼሎ ቫዮሊን ይመስላል፤ ግን ትልቅ ስለሆነ ተቀምጠው በጉልበት መሀል ይዘው፣ ልክ እንደ ማሲንቆ በደጋን ይጫወቱታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ1880 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. የእያንዳንዱ ዓመት የዓለም አማካይ ሙቀት አንድ ኖታ ሆነ፤ 133 ዓመት፣ 133 ኖታ ማለት ነው። በጣም ቀዝቃዛ የነበረው 1909 የቼሎው ወፍራሙ ድምፅ ደረሰው። ከዚያ ሙቀቱ 0.03 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ቶን ይቀጥናል። አስቡት፣ 0.03 ዲግሪ ቢጨምር ቆዳችን አያውቀውም፤ ጆሯችን ግን ይለየዋል! ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

መምህራችን በስልካቸው ሲያሰሙን መጀመሪያ ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል። «ምንድነው ይሄ?» ያሉም ነበሩ። ወደ መጨረሻው ግን እየቀጠነ እየቀጠነ ሄደ፤ ወደ ድሮው ወፍራም ድምፅ አልተመለሰም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ግራፍ ቢሆን ለፈተና አጥንተን እንረሳው ነበር።

በ2015 ደግሞ በአራት መሣሪያ ሌላ ሠሩ። ቼሎው የምድር ወገብ አካባቢን፣ ቪዮላው መካከለኛውን፣ ሁለቱ ቫዮሊኖች ሰሜኑንና አርክቲክን ይዘዋል። አርክቲክ ከሌላው ቶሎ ስለሚሞቅ ቫዮሊኑ መጨረሻ ላይ ይጮሃል። ኢትዮጵያ ያለችው በቼሎው ውስጥ ነው። ቼሎው ረጋ ቢልም ዝናብ ጠብቆ ለሚያርስ ገበሬ ቀላል ነው ማለት አይደለም።

አንድ የሚጎድለው ነገር አለ። ሙዚቃው ሙቀቱ መጨመሩን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት አፍኖ እንደሚይዝ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ሰው «ደስ የሚል ዜማ» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ አርብ በእረፍት ሰዓት መጀመሪያ ይህን ተናግረን የቼሎውን ሙዚቃ በድምፅ ማጉያው እናሰማችኋለን። የመጨረሻዋን ኖታ ልብ በሉልኝ። 2012 እ.ኤ.አ. በእኛ 2004 ነው፤ እኔና ብዙዎቹ የክፍሌ ልጆች የተወለድንበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜያችን ገና አልተጫወተም።