የመጋዘን በር ጠመንጃ፤ ዕዳው በማን ደብተር ይጻፋል?

ኅዳርና ታኅሣሥ ደርሶ የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ ከአውድማ ሲነሣ፣ በአርሲዋ ሮቤ የእህል ነጋዴ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ደረቅ መጋዘንና የሚታመን ዘበኛ። የመጋዘን ኪራይ፣ የጆንያ፣ የጫኝና አውራጅ እንዲሁም የደላላ ወጪ በደብተር ይሰፍራል። በዘበኛው ትከሻ ላይ የተንጠለጠለው ጠመንጃ ሊያመጣ የሚችለው ዕዳ ግን በደብተር ውስጥ ቦታ የለውም። ሕጉን ለሚያነብ ሰው ይህ ዕዳ ከመጋዘኑ እህል ዋጋ ሊበልጥ የሚችል ነው።

አሠሪው ይከፍላል

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚደነግገው ክፍሉ ለዚህ ጉዳይ መልስ አለው። በአንቀጽ 2067 መሠረት በሌላው ሰው አካል ላይ በድርጊቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ካሳ ይከፍላል። ከዚህ የሚድነው ድርጊቱ በሕግ የታዘዘ፣ ለሕጋዊ መከላከል የተፈጸመ፣ ወይም ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት ብቻ የደረሰ ሲሆን ነው።

ዘበኛው ግን ብዙውን ጊዜ ከደመወዙ በቀር የሚከፍልበት ሀብት የለውም። ስለዚህ ተጎጂው ወደ አሠሪው ይዞራል። አንቀጽ 2130 ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ለሚመጣበት ኃላፊነት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ጉዳቱ የደረሰው በተለመደው የሥራ ቦታ ወይም ሰዓት ከሆነ ደግሞ፣ አንቀጽ 2132 ዘበኛው በሥራው ላይ እንደነበረ ይገምታል። ግምቱን በማስረጃ የማፍረሱ ሸክም የነጋዴው ነው። «ተኩስ ብዬ አላዘዝሁም» የሚለው መልስ ብቻውን አያድነውም።

«ሌባ ነበር» የሚለው መከራከሪያም ገደብ አለው። ሕጋዊ መከላከል የሚባለው አደጋውን ለመመከት ከሚያስፈልገው ካላለፈ ነው። ጆንያ ተሸክሞ በሚሸሽ ሰው ጀርባ ላይ የተተኮሰ ጥይት ይህን መመዘኛ ለማለፍ ይከብደዋል። ዘበኛው በወንጀል ችሎት በነፃ ቢለቀቅ እንኳ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ በአንቀጽ 2149 መሠረት የካሳውን ክርክር የሚሰማው ፍርድ ቤት በዚያ ውሳኔ አይታሠርም።

ግቢ አከራዩና ባለ ሆቴሉስ?

አንድ ግቢ ለሦስትና ለአራት ነጋዴዎች ተከራይቶ፣ ዘበኛው በጋራ መዋጮ ሲቀጠር ጉዳዩ ይወሳሰባል። አንቀጽ 2077 የሕንፃን ባለቤት ተጠያቂ የሚያደርገው ሕንፃው ራሱ ላደረሰው ጉዳት በመሆኑ፣ ጥይት በግቢው ውስጥ ስለተተኮሰ ብቻ አከራዩ አይጠየቅም። በስሙ የተፈቀደለትን ጠመንጃ አውጥቶ ፈቃድ ለሌለው ዘበኛ ካስያዘ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ብቻ አድርጎታል። የተለየና ግልጽ የሆነን የሕግ ትእዛዝ መተላለፍ ደግሞ በአንቀጽ 2035 ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

የገበያ ቀን ታጣቂ እንግዳ የሚያስተናግደው ባለ ሆቴልም የሚመዘነው በጥፋት ነው። ምክንያታዊ ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ጠብ የጀመረ ሰካራም ጠመንጃውን እንደያዘ እንዲቀመጥ የፈቀደና፣ በር ላይ ተቀብሎ ቆልፎ ያስቀመጠ እኩል አይታዩም።

ካሳው ምን ያህል ነው?

ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ሕጉ ያዛል። ሕክምናው፣ የተቋረጠው ገቢና ሟች ቢኖር የቤተሰቡ መተዳደሪያ ሁሉ ይታሰባል። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በዛሬ ገበያ አንድ ኩንታል ስንዴ የማይገዛ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ነጋዴውን የሚያሰጋው የወጣት አባወራ የብዙ ዓመት ገቢ ስሌት ነው። የክሱ ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ሲሆን፣ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ በዚያው ልክ ይረዝማል።

በውጭው ዓለም የዚህ ዓይነት ሙግት እጅግ ከፍ ያለ ገንዘብ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ላስ ቬጋስ አንድ የሆቴል እንግዳ በክፍሉ ካከማቻቸው ጠመንጃዎች በሙዚቃ ድግስ ታዳሚዎች ላይ ተኩሶ ብዙ ሰው ገደለ። የሆቴሉ ባለቤት ኤምጂኤም ሪዞርትስ ጥፋቱን ሳያምን ከተጎጂዎች ጋር በ800 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ 49 ሚሊዮኑን ኩባንያው፣ ቀሪውን መድን ሰጪዎቹ ሸፈኑ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2012 በኮሎራዶ ግዛት፣ በኦሮራ ከተማ ሲኒማ ቤት በደረሰው ግድያ የተከሰሰው ሲኒማርክ፣ በ2016 በግዛቱ ፍርድ ቤት ዳኞች ተጠያቂ አይደለም ተብሏል። በእንዲህ ያለ ክርክር ሚዛኑን የሚደፋው ባለንብረቱ አደጋውን አስቀድሞ ማወቅ ይችል ነበር ወይ የሚለው ነጥብ ነው።

ከመኸር በፊት የሚደረግ

ለሮቤ ነጋዴ ጥንቃቄው ብዙ ወጪ የለውም። የመሣሪያው ፈቃድ በማን ስም እንደሆነ ማየት፣ መቼ መተኮስ እንደማይፈቀድ ለዘበኛው በጽሑፍ ሰጥቶ ማስፈረም፣ ቀጣሪው አከራዩ ይሁን ተከራዮቹ በኪራይ ውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር ይገባል። ደላላውም ዋጋና ስፋት ሲያስማማ ይህን አንቀጽ ማስገባት ይችላል። ሥራውን በራሱ ኃላፊነት ለሚያከናውን የጥበቃ ድርጅት መስጠት ሌላው መንገድ ነው፤ አንቀጽ 2134 ነፃነቱን ጠብቆ ለሚሠራ ሰው ጥፋት አሠሪውን አይጠይቅምና። ለሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን የሚገባም፣ ውሉ በጦር መሣሪያ የሚደርሰውን ማካተቱን በጽሑፍ ያረጋግጥ።

በሮቤ የእህል ዋጋ በወር ውስጥ ወጥቶ ይወርዳል፤ የከሰረ ነጋዴም በሚቀጥለው መኸር ሊያንሠራራ ይችላል። የሰው ነፍስ ካሳ የተፈረደበት ግን መጋዘኑን ጭምር ሊሸጥ ይገደዳል።