ችሎቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው

ጎባ ውስጥ ትዳር ሲናጋ መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ደግ ልማድ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሽማግሌዎቹ ንብረት አካፍለው፣ ወረቀት አስፈርመው ሲያሰናብቱና ባልና ሚስቱ «ተፋታን» ብለው ሲሄዱ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት በእርግጥም የቤተሰብ ሽማግሌዎች ነበሩ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ጎባ ላይ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ በ1995 የወጣ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ከፌዴራሉ ጋር ይቀራረባል። ሽማግሌ ዛሬ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም።

ሁለቱ ከተስማሙ የፍቺ ስምምነታቸውን ያቀርባሉ፤ ፍርድ ቤቱ መርምሮ ያጸድቃል። ካልተስማሙ አንዱ ብቻውን አቤቱታ ያስገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የዓመታት በደል ቆጥሮ፣ ጎረቤት ለምስክርነት አሰልፎ ይመጣል። በፌዴራሉ ሕግ ምክንያቱን መግለጽ እንኳ ግዴታ አይደለም። ዳኛው መክሮ፣ ወደ ሽማግሌ መርቶ፣ እንዲያስቡበት እስከ 3 ወር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ዕርቅ ካልተገኘ በ1 ወር ውስጥ ፍቺው ይወሰናል። በደል ዋጋ የሚኖረው ካሣ ሲጠየቅ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ማን ዘንድ እንደሚቆዩ፣ ቀለብ ማን እንደሚሰጥ፣ ንብረቱን ማን እንደሚይዝ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ይህንን ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ መጠየቅ ይሻላል።

ማስረጃ የሚያስፈልገው ንብረት ላይ ነው። በትዳር ውስጥ የተገዛ ባጃጅ ሊብሬው በባል ስም ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» የሚል ያስረዳ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ የግል ነው። የጋራ ዕዳ ይከፈላል፣ የቀረው እኩል ይካፈላል። ቤተሰቡ የስንዴ ማሳ ካለው ግን የገጠር መሬት ሕግም ይገባበታል። ስለዚህ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ ሳያዩ ችሎት መግባት ትርፉ መመላለስ ነው። ልጆችን በተመለከተ የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው፤ ያልያዘው ወላጅም የመጠየቅ መብት አለው።

ሙስሊም ባለትዳሮች ሁለቱም ፈቅደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ፤ አንዱ እንቢ ካለ በመደበኛው ይታያል። የኦሮሚያ ችሎት ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ያልለመደ አስተርጓሚ ይጠይቅ።

ውሳኔው በእጅ ሲገባ ሥራው አላለቀም። ፍቺው በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት መዝገብ መስፈር አለበት።