ለቤት ወርክሾፕ የሚሆን ባንድ ሶው እንዴት ይመረጣል?

ቦንጋ፦ በካፋ ዞን የእንጨት ሥራ ከኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። የንብ ቀፎው፣ ረከቦቱ፣ ሙቀጫው፣ የበርና የመስኮት መቃኑ፣ ወንበሩና አልጋው ከእንጨት ይሠራል። በግቢው ጥግ ወርክሾፕ ከፍቶ በዚህ ሙያ ለሚተዳደር ሰው ባንድ ሶው ሥራን የሚያፋጥንና እንጨትን የሚቆጥብ ማሽን ነው። ይሁን እንጂ ዋጋው ቀላል ባለመሆኑ፣ ያለ ዕውቀት የተገዛ እንደሆነ የዓመታት ቁጠባን ጥግ ላይ አስቀምጦ አቧራ ያስጠጣል።

ባንድ ሶው እንደ ቀበቶ ጫፍና ጫፉ የተያያዘ ቀጭን የመጋዝ ምላጭ በላይኛውና በታችኛው መንኮራኩር ላይ እየዞረ እንጨት የሚቆርጥ ማሽን ነው። የአሠራሩ ሐሳብ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ቢታወቅም፣ ምላጩ በመጋጠሚያው ላይ እየተበጠሰ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ1846 አን ፖሊን ክሬፐን የተባለች ፈረንሳዊት የተሻለ የማያያዣ ዘዴ ካስመዘገበች በኋላ ነው መስፋፋት የጀመረው። ዛሬም ቢሆን የማሽኑ ልብ ምላጩና መጋጠሚያው ናቸው።

ጥቅሙ በቁጥር ሲታይ

የሰርኩላር መጋዝ በአንድ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። የባንድ ሶው ምላጭ ግን የሚበላው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በ1 ሴንቲ ሜትር ሲሰነጠቅ በሰርኩላር 7 ጣውላ ይወጣዋል፤ ቁርጡ 1.2 ሚሊ ሜትር በሆነ ባንድ ሶው ግን 9 ጣውላ ይገኛል። እንጨት በተወደደበት ዘመን እነዚህ ሁለት ጣውላዎች የባለሙያው ትርፍ ናቸው።

ልኩ መጠበቁም ሌላው ጥቅም ነው። በዘመናዊ ቀፎ ውስጥ በፍሬሙና በሣጥኑ መካከል የሚተወው ክፍተት ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከጠበበ ንቦቹ በሙጫ ይደፍኑታል፤ ከሰፋ ደግሞ ተጨማሪ ሰፈፍ ይሠሩበትና ፍሬሙን ማውጣት አስቸጋሪ ይሆናል። የተዛባ ቁርጥ ያለው ቀፎ የሚሠራ አናጺ ዳግመኛ ደንበኛ አያገኝም።

ከመግዛት በፊት የሚታዩ ነጥቦች

የመጀመሪያው ጥያቄ ማሽኑ ምን ሊሠራበት ነው የሚለው ነው። ለቀፎ፣ ለወንበርና ለረከቦት ሥራ መንኮራኩሩ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ማለትም በገበያ 14 ኢንች የሚባለው ማሽን በአብዛኛው በቂ ነው። በዚህ መጠን የተሠሩ ብዙዎቹ ማሽኖች 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እንጨት ይቆርጣሉ። ከዚያ ያነሱ የጠረጴዛ ላይ ማሽኖች ለጌጣጌጥ ሥራ እንጂ ጣውላ ለመሰንጠቅ አይመቹም።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በመኖሪያ ቤት የሚገኘው መስመር ዘወትር ባለ 220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ሲሆን፣ ትልልቅ ማሽኖች ግን ባለ 380 ቮልት ትሪ ፌዝ ይፈልጋሉ። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ ለቤት ወርክሾፕም ከ1 እስከ 2 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይመረጣል። ሞተሩ ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ስለሚስብ ገመዱም ቆጣሪውም ይህን መሸከማቸው በባለሙያ ይረጋገጥ። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚላክ ማሽን ለ110 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ቢያስተካክለውም፣ የኢትዮጵያ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል።

ሦስተኛው የማሽኑ አቋም ነው። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ነቅሎ መንኮራኩሮቹን በእጁ ያዙር። የሚንቋቋ ኩሽኔታ፣ የተሰነጠቀ የመንኮራኩር ጎማ፣ የላላ ቺንጋ ወይም የተጣመመ ጠረጴዛ ካለ ዋጋው እንደዚያው ሊታይ ይገባል። ምላጩን ከግራ፣ ከቀኝና ከኋላ የሚደግፉት መሪዎች ያለ ችግር መስተካከል አለባቸው። የምላጩ ርዝመት በገበያ የሚገኝ መሆኑና ሲበጠስ በቅርብ የሚበይደው ባለሙያ መኖሩም ይጠየቅ። መለዋወጫ የሌለው ርካሽ ማሽን ውሎ አድሮ ውድ ነው።

ምላጩ እንደ ሥራው ይለያያል

ሰፊ ምላጭ ቀጥ አድርጎ ይሰነጥቃል፤ ጠባቡ ክብ ያዞራል። 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ምላጭ ሊዞር የሚችለው ትንሹ ክብ ሬዲየሱ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ 6 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ወፍራም እንጨት ለመሰንጠቅ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 3 ጥርስ ያለው ምላጭ ይስማማል፤ ለቀጭን ጣውላ ጥርሱ ይበዛል። ከጥርሶቹ ቢያንስ ሦስቱ ዘወትር እንጨቱ ውስጥ መሆን አለባቸው።

እንጨቱና ሕጉ

እርጥብ እንጨት ምላጭ ያጨናንቃል፤ ከተቆረጠ በኋላም ይጣመማል። በአየር የሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል የሚለው የአናጺዎች ልማዳዊ ስሌት ዝናብ ለሚበዛበት ለካፋ ይበልጥ ያስፈልጋል። እርጥበቱ የማሽኑንም ጠረጴዛ ስለሚያዝግ ከሥራ በኋላ በዘይት ጨርቅ መወልወል ይገባል።

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡ ይታወሳል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀምም በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ይመራል። ስለዚህ ባለ ወርክሾፑ የሚገዛው እንጨት ከየት እንደመጣና ሕጋዊ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። በግቢ የሚተከሉት ግራቪሊያ፣ የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ ለብዙው ሥራ ያገለግላሉ።

ጥንቃቄ

ባንድ ሶው እንጨቱን ወደ ሠራተኛው ስለማይወረውር ከሰርኩላር ይልቅ ገራም ይመስላል። ጣት ግን አይመርጥም። የምላጩ መከለያ ከእንጨቱ በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይበል፤ ጓንት አይደረግ፤ መጨረሻው ላይ እንጨቱ በእጅ ሳይሆን በመግፊያ ዱላ ይገፋ። ክብ ግንድ ተንከባሎ እጅን ስለሚስብ የቪ ቅርጽ ባለው መደገፊያ ላይ ካልታሰረ አይቆረጥ። ምላጭ ሲቀየር ማሽኑ ከሶኬት ይነቀል። የእንጨት ብናኝ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ስላረጋገጠ፣ አፍንጫና አፍን መሸፈንና ክፍሉን ማናፈስ የግድ ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚሠራበትን እንጨት ይዞ ሄዶ ማሽኑን መሞከር የመጨረሻው ምክር ነው። ቀጥ ያለ መስመር ተሠምሮበት የተቆረጠ አንድ ጣውላ ከሻጩ ቃል ይልቅ ስለ ማሽኑ እውነቱን ይናገራል።